የመንገደኞች ባቡር ከመኪናና ከአውሮፕላን ጋር የሚወዳደርበት ፍጥነት፦ የአዋሽ–ኮምቦልቻ መስመር ከመካነ ሰላም ሲታይ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የባቡር ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በከፍተኛው የሰዓት ፍጥነት ነው። መንገደኛው ግን የሚቆጥረው ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ መድረሻው እስኪደርስ ያለፈውን ጊዜ ሁሉ ነው። ይህ ጽሑፍ የአዋሽ–ኮምቦልቻን የባቡር መስመር መነሻ አድርጎ፣ ባቡር ከመኪናና ከአውሮፕላን ጋር ለመወዳደር ምን ያህል መፍጠን እንዳለበት በቀላል ስሌት ያሳያል፤ ፍጥነቱን የሚገድቡትን ምክንያቶችም ያብራራል። በመጨረሻም ከኮምቦልቻ ሐዲድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚኖረው የመካነ ሰላምና የአካባቢው ሕዝብ ትልቁ የጊዜ ትርፍ የሚገኘው ከሐዲዱ ላይ ሳይሆን ሐዲዱ ከመንገዱ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ መሆኑን ይከራከራል።

ቁልፍ ቃላት፦ የመንገደኞች ባቡር፣ አማካይ ፍጥነት፣ የጉዞ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ፣ መካነ ሰላም

1. መግቢያ

ከመካነ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ቀኑን የሚጀምረው ጀርባውን ለዋና ከተማዪቱ ሰጥቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከቦረና ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የለጋምቦን ደጋ ይወጣል፤ አቀስታን አልፎ የጉጉፍቱን ብርድ ይሻገርና ወደ ደሴ ይወርዳል። ይህ ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ይዞ፣ የጣርማበርን ገደል ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ የሚገባው። በምዕራብ ያለው የዓባይ ሸለቆ፣ በመካከል ያሉት ተራሮችና በምሥራቅ ያለው ቁልቁለት አካባቢውን በካርታ ላይ ከሚታየው ርቀት በላይ አርቀውታል።

የመንገዱ ርዝመት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ታማሚ፣ በየመንፈቀ ዓመቱ የሚመላለስ ተማሪ፣ ለጉዳይ የሚሄድ ገበሬ ሁሉም የሚከፍሉት በብር ብቻ ሳይሆን በቀን ጭምር ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር በወሎ የተነሣው ተስፋም ከዚሁ የመነጨ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ባቡሩ ከመኪናና ከአውሮፕላን ጋር ሊወዳደር የሚችለው በምን ያህል ፍጥነት ነው? ያ ፍጥነትስ ቢገኝ ለመካነ ሰላሙ መንገደኛ ምን ያተርፍለታል?

2. የውድድሩ መለኪያ

የአንድ ጉዞ ጠቅላላ ጊዜ አምስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ከቤት እስከ ጣቢያ የሚደረገው ጉዞ፣ በጣቢያ የሚጠፋው የመጠበቂያ ጊዜ፣ በዋናው ማጓጓዣ ላይ የሚውለው ጊዜ፣ መለወጫና ማስተላለፊያ፣ እንዲሁም ከመውረጃው እስከ መጨረሻው መድረሻ ያለው ጉዞ ናቸው። የሦስቱ ማጓጓዣዎች ልዩነት የሚታየው እነዚህ ክፍሎች በሚደለደሉበት መንገድ ነው። የግል መኪና ከደጃፍ ስለሚነሣ የመጠበቂያ ጊዜ የለውም፤ ጊዜው ሁሉ የሚውለው በመንገድ ላይ ነው። አውሮፕላን በተቃራኒው በአየር ላይ የሚቆየው ጥቂት ሲሆን አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ለፍተሻና ለመሳፈሪያ ነው። ባቡር በሁለቱ መካከል ይገኛል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚገኘው የጊዜ ትርፍ እያነሰ መሄዱ ነው። 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲኬድ 100 ደቂቃ ይወስዳል። በ80 ሲኬድ 75 ደቂቃ፣ በ100 ሲኬድ 60 ደቂቃ፣ በ120 ሲኬድ 50 ደቂቃ፣ በ200 ሲኬድ 30 ደቂቃ፣ በ300 ሲኬድ 20 ደቂቃ ይሆናል። ከ60 ወደ 80 በማሳደግ የሚተርፈው 25 ደቂቃ ነው፤ ከ200 ወደ 300 በማሳደግ የሚተርፈው ግን 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ወጪው የሚሄደው በተገላቢጦሽ ነው። ዝግተኛውን ክፍል ማፍጠን ፈጣኑን ይበልጥ ከማፍጠን የሚሻለውም ስለዚህ ነው።

3. መስመሩ

አዲስ አበባን ከጅቡቲ ያገናኘው የቀድሞው የምድር ባቡር ሥራው በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ (ዓመታቱ በጽሑፉ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሐዲዶቹ ስፋት አንድ ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር የሚደርሰው። ጉዞውን ያስረዘመው የሎኮሞቲቩ አቅም ብቻ ሳይሆን የጊዜ ሰሌዳውም ነበር ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በ2016 ተመርቆ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በ2018 መጀመሪያ ነው። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ለመንገደኞች ባቡር የተነደፈው ከፍተኛ ፍጥነትም በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ሲሆን ከዚያ ወዲያ ነጠላ ነው። ከአዋሽ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን የሚሄደውን መስመር የሠራው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ነው። አዋሽ–ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር፣ ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦት መጓተት፣ የገንዘብ እጥረት፣ በኋላም ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ በንብረቱ ላይ የደረሰው ዘረፋና ውድመት ሥራውን አዘግይተውታል።

መስመሩ በአዋሽ በኩል የሚዞረው ያለምክንያት አይደለም። የደሴው አውራ ጎዳና በጣርማበር የሚያልፈው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ነው። መኪና እየተጠማዘዘ የሚወጣውን ዳገት ባቡር አይደፍረውም፤ ስለዚህ ሐዲዱ ሸለቆውን ተከትሎ ይዞራል። የመዞሩ ዋጋ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ–ኮምቦልቻ በመኪና 375 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በባቡር ወደ 480 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባቡሩ ከመኪናው እኩል ለመድረስ ብቻ እንኳ ከመኪናው ሩብ በላይ መፍጠን አለበት ማለት ነው።

4. ስሌቱ

ለማነጻጸር ያህል የሚከተሉትን መነሻ ግምቶች እንውሰድ። የግል መኪና ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአማካይ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጉዞው 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ለመድረስ 45 ደቂቃ፣ ለፍተሻና ለመሳፈሪያ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ለበረራ 1 ሰዓት፣ ለመውረጃ 30 ደቂቃ ቢያስፈልገው ጠቅላላው 4 ሰዓት ነው። ለባቡር ደግሞ ከመሀል ከተማ እስከ ለቡ ጣቢያ 1 ሰዓት፣ ለመጠበቅ 30 ደቂቃ እንያዝ። እነዚህ ግምቶች እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣሉ፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።

ባቡሩ በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በሐዲድ ላይ 6 ሰዓት ይቆያል፤ ጠቅላላው 7 ሰዓት ተኩል ስለሚሆን በመኪናው ይቀደማል። በ100 ቢጓዝ ጠቅላላው 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ሆኖ መኪናውን ይቀድማል። የሁለቱ እኩልነት የሚገኘው ባቡሩ በአማካይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ነው። ከአውሮፕላን ጋር እኩል ለመሆን ግን 480ውን ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ተኩል መጨረስ አለበት፤ ይህም በአማካይ በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር ነው። ለ120 በተነደፈ ሐዲድ ላይ ይህ የማይታሰብ ነው።

እንግዲህ የዚህ መስመር ተፎካካሪ መኪናውና አውቶቡሱ እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም። ደግሞም የአውሮፕላኑ ቲኬት ዋጋ ከብዙው መንገደኛ አቅም በላይ ስለሆነ፣ በጊዜ መበለጡ ባቡሩን ከገበያ አያወጣውም።

ከዚሁ ስሌት አንድ ሌላ ነገር ይወጣል። ባቡሩ የሚነሣው ከለቡ ሳይሆን እንደ ቀድሞው ከለገሃር፣ ከመሀል ከተማ ቢሆንና ወደ ጣቢያ መሄጃው በ30 ደቂቃ ቢያንስ፣ መኪናውን ለመስተካከል የሚያስፈልገው አማካይ ፍጥነት ከ90 ወደ 82 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። ለቡን ከመሀል ከተማ ጋር በፈጣን የከተማ ማጓጓዣ ማገናኘት በ480 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሁሉ ላይ ፍጥነቱን በ8 ኪሎ ሜትር ያህል ከማሳደግ ጋር እኩል ጥቅም አለው።

5. ባቡርን የሚያዘገዩት

በ120 የተነደፈ ባቡር በአማካይ 90 እንኳ የማይደርስበት ምክንያት ምንድን ነው? የመጀመሪያው ኩርባ ነው። ባቡር በኩርባ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይጨምራል። ይህን ለማካካስ የውጭው ሐዲድ ከውስጠኛው ከፍ ይደረጋል፤ ከፍታው ግን ገደብ አለው፤ ምክንያቱም በዚያው ሐዲድ ላይ በዝግታ የሚያልፈው የጭነት ባቡር ወደ ውስጥ ይጫናል። የውጭው ሐዲድ በ150 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢልና መንገደኛው የሚታገሠው ተጨማሪ ጉድለት 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ለ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 680 ሜትር፣ ለ160 ከ1,200 ሜትር በላይ፣ ለ200 ወደ 1,900 ሜትር፣ ለ300 ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ሬዲየስ ያለው ኩርባ ያስፈልጋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ሬዲየሱ አራት እጥፍ ይሆናል። በወሎ ተራሮች መካከል 4 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ማለት ሸለቆውን መከተል ትቶ ተራራውን መብሳት ማለት ነው።

ሁለተኛው ዳገት ነው። በአንድ በመቶ ዳገት ላይ እያንዳንዱ ቶን ወደ ኋላ የሚጎተተው በ10 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ነው፤ በሜዳ ላይ ለማዝገም የሚበቃው ጉልበት ከዚህ ብዙ ያነሰ ነው። መንገደኛ ብቻ የሚያመላልስ መስመር ግን ባቡሩ ቀላልና ኃይለኛ ስለሆነ ዳገት ሊደፍር ይችላል፤ የፓሪስ–ሊዮን ፈጣን መስመር በሺህ 35፣ የኮሎኝ–ፍራንክፈርት ደግሞ በሺህ 40 ዳገት አላቸው። ጭነትና መንገደኛ በአንድ ሐዲድ ሲሄዱ ለጭነቱ ሲባል ዳገቱ ይለዝባል፤ መስመሩም ይረዝማል።

ሦስተኛው የነጠላ ሐዲድ ጣጣ ነው። ከፊት የሚመጣ ባቡር ካለ አንዱ በመተላለፊያ ጣቢያ ቆሞ መጠበቅ አለበት። 20 ደቂቃ የሚያስጠብቁ ሦስት መተላለፊያዎች ቢኖሩ አንድ ሰዓት ይበላሉ፤ በእኛ ምሳሌ 100 የነበረውን አማካይ ፍጥነት ወደ 83 ያወርዱታል። ይህን የሚፈታው ትልቅ ሞተር ሳይሆን ጥሩ የሲግናል ሥርዓትና ለመንገደኞች ባቡር ቅድሚያ የሚሰጥ የጊዜ ሰሌዳ ነው።

አራተኛው መቆሚያ ነው። ከ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቆሞ፣ መንገደኛ አውርዶና አሳፍሮ፣ እንደገና ወደዚያው ፍጥነት መመለስ አራት ደቂቃ ያህል ያስከፍላል። አምስተኛው፣ በእኛ አገር በተለይ የሚታየው፣ በሐዲዱ ላይ የሚገቡ እንስሳት ናቸው። በጅቡቲው መስመር ከግመልና ከከብት ጋር የሚደርሰው ግጭት ተደጋጋሚ ነው፤ በዚህም ባቡሩ በአርብቶ አደሩ ቀዬ ፍጥነት ቀንሶ እንዲያልፍ ይገደዳል። አጥር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ መንጋው ወደ ውኃና ወደ ግጦሽ የሚሻገርበት መተላለፊያ ከሌለ አጥሩ ይፈርሳል።

6. ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

ጃፓን በ1964 ከቶኪዮ ኦሳካ የ515 ኪሎ ሜትር አዲስ መስመር ስትከፍት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ይወስድ የነበረው ጉዞ ወደ አራት ሰዓት ወረደ፤ በዓመቱ ደግሞ ከዚያ በታች ሆነ። ፈረንሳይ በ1981 ፓሪስን ከሊዮን፣ ስፔን በ1992 ማድሪድን ከሴቪያ ሲያገናኙም የአውሮፕላኑ መንገደኛ በብዛት ወደ ባቡሩ ዞረ። ከእነዚህ ልምዶች የተገኘው የተለመደ መመሪያ የባቡሩ ጉዞ ከሦስት ሰዓት ሲያንስ አውሮፕላንን ያሸንፋል የሚል ነው። እነዚህ መስመሮች ግን በየቀኑ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚመላለስባቸውን ትልልቅ ከተሞች የሚያገናኙ ናቸው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርቡት ሌሎች ሦስት ናቸው። ሞሮኮ በ2018 ከጣንጀር ካዛብላንካ የሚወስደውን ጉዞ ከአምስት ሰዓት ጥቂት ከሚያንስ ጊዜ ወደ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ስታወርድ፣ ለ320 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አዲስ ሐዲድ የዘረጋችው ከጣንጀር እስከ ቀኒጥራ ብቻ ነው፤ የቀረውን ነባር መስመር አሻሽላ ተጠቀመችበት። ታንዛኒያ በ2024 ከዳሬሰላም ዶዶማ የከፈተችው የኤሌክትሪክ ባቡር ለ160 ኪሎ ሜትር የተነደፈ ነው፤ ሠሪውም የኮምቦልቻውን መስመር የሠራው ያው ኩባንያ ነው። ጉዞው አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን በአውቶቡስ ከሚወስደው ግማሽ ያህል ነው። ከ160 ያልበለጠ ፍጥነት መኪናን በሰፊው ለማሸነፍ እንደሚበቃ ይህ ያሳያል።

ሦስተኛዋ ስዊዘርላንድ ናት። ተራራማዪቱ አገር የተነሣችው ባቡሩን የሚቻለውን ያህል ለማፍጠን ሳይሆን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ለማፍጠን ነው። በ2004 በተከፈተው አዲስ መስመር የዙሪክ–በርን ጉዞ ከአንድ ሰዓት በታች ሆነ። ዓላማው ደቂቃዎቹ ራሳቸው አልነበሩም፤ ባቡሮች ሁሉ በሰዓቱ መባቻ በአንድ ጣቢያ ተገናኝተው መንገደኛው ሳይጠብቅ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከባቡሩም ወደ ገጠር አውቶቡስ እንዲሻገር ነው። የመስመሩ ፍጥነት ከጊዜ ሰሌዳው ተወሰነ እንጂ የጊዜ ሰሌዳው ከፍጥነቱ አልተወሰነም።

7. የመጨረሻው 180 ኪሎ ሜትር

አሁን ወደ መካነ ሰላሙ መንገደኛ እንመለስ። ባቡሩ በአማካይ 80 ቢጓዝና ከንጋቱ 12 ሰዓት ከለቡ ቢነሣ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ወደ ደሴ ወጥቶ መኪና ለመለወጥ 45 ደቂቃ፣ ከደሴ መካነ ሰላም ደግሞ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት 4 ሰዓት ተኩል ብንይዝ፣ መንገደኛው ከቀኑ 11 ሰዓት ተሩብ ላይ፣ ሳይመሽ ይገባል።

የባቡሩን አማካይ ፍጥነት ከ80 ወደ 100 ማሳደግ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይቆጥብለታል። የደሴ–መካነ ሰላም ጉዞ አማካይ ፍጥነት ከ40 ወደ 55 ቢያድግ ግን የሚቆጥበው 1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። የ180 ኪሎ ሜትር መንገድ መሻሻል በ480 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ላይ ከሚገኘው ፍጥነት ያላነሰ ዋጋ አለው። ልዩነቱ የመንገዱ መሻሻል ባቡር የማይሳፈረውንም፣ ወደ ደሴ ሐኪም ቤት የሚሄደውንም፣ እህል ወደ ገበያ የሚያወጣውንም መጥቀሙ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ማስተላለፊያው ነው። በደጋው ልማድ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ከመናኸሪያ የሚወጣው ማለዳ ነው። ባቡሩ ቀትር ላይ ቢደርስና በዚያ ሰዓት ወደ ምዕራብ የሚነሣ መኪና ከሌለ መንገደኛው ደሴ ያድራል። የጠፋው ጊዜ አሁን ደቂቃ ሳይሆን ከ15 ሰዓት በላይ ነው፤ የአልጋና የእራት ወጪም ይጨመርበታል። በሐዲድ ላይ የትኛውም የፍጥነት ማሻሻያ ይህን ኪሳራ አይመልስም፤ ባቡሩ በ160 አማካይ ፍጥነት ሦስት ሰዓት ቀድሞ ቢደርስ እንኳ ማለዳ የወጣውን አውቶቡስ አያገኘውም። በቀድሞው ምድር ባቡር ዘመን ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ሲያድር የነበረው መንገደኛ ዕጣ በአዲሱ ባቡር ዘመን በደሴ መናኸሪያ ይደገማል ማለት ነው።

መፍትሔው በአንጻሩ ቀላልና ርካሽ ነው። ባቡሩ በታወቀ ሰዓት ኮምቦልቻ ይድረስ፤ ከጣቢያው ደጃፍ በቀጥታ ወደ አቀስታና መካነ ሰላም፣ ወደ ወረ ኢሉ፣ ወደ ሌሎቹም የምዕራብ ወረዳዎች የሚነሡ አውቶቡሶች ባቡሩን ይጠብቁ፤ ቲኬቱም አንድ ይሁን። ባቡሩ ቢዘገይ አውቶቡሱ እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ውልም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የመጀመሪያው መዘግየት የመንገደኛውን እምነት ይወስደዋል።

8. መደምደሚያ

በአዋሽ–ኮምቦልቻ መስመር ላይ ባቡር መኪናን ለመወዳደር በአማካይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይበቃዋል። ይህ ለ120 ከተነደፈው ሐዲድ ውጭ አይደለም፤ የሚጠይቀው መተላለፊያዎችን ማሳጠር፣ መቆሚያዎችን መመጠን፣ የእንስሳት መሻገሪያ መሥራትና ለቡን ከከተማው ጋር ማገናኘት ነው። አውሮፕላንን ለመወዳደር ግን ሌላ ሐዲድ፣ ሌላ ወጪ ያስፈልጋል፤ ለዚህ መስመር ያ ዓላማ ሊሆን አይገባም።

ለተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታና ከአጎራባች ከተሞች የሚነሡ መንገደኞች መቼ እንደሚነሡ፣ የት እንደሚያድሩ፣ በየማስተላለፊያው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁ በመናኸሪያ ቆሞ መመዝገብ ይቻላል፤ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ መዝገብ የባቡሩ የጊዜ ሰሌዳ ከመጽደቁ በፊት ቢዘጋጅ፣ ሰሌዳው ከኮምቦልቻ ጣቢያ ወዲያ ያለውን መንገደኛም አስቦ ሊወጣ ይችላል። ከሐዲዱ ርቆ ለሚኖር ሰው ፈጣን ባቡር ማለት በዚያው ቀን ቤቱ የሚያስገባው ባቡር ነው።